ዘፈን የተጫነበት የሠርግ ካሴት

ስልኬ ሞልቷል ይለኛል። ጠዋት ስነሳ ይለኛል፣ ቢሮ ስገባ ይለኛል፤ ትናንት ደግሞ ከሥራ ወጥቼ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ እንደተቀመጥኩ እንደገና አለኝ። አጠገቤ የነበረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰርቆ አየና፣ «ማዘር፣ ቪዲዮዎቹን ያጥፏቸው፤ ቦታ የያዙት እነሱ ናቸው» አለኝ። ማዘር አለኝ። ሽበት ማብቀሌን አውቃለሁ፤ ግን ይሄ በሰው መሀል መነገር ነበረበት? ልጁ ለክፉ አላለውም፤ ዝም ብዬ ስልኩን ከፈትኩት።

የእህቴ ልጅ ምርቃት አለ። የጎረቤት ክርስትና አለ። የቢሮ ሰው ሠርግ፣ ያውም ሰባራ ሰንጣራው ሳይቀር፣ አንዱ የላከውን ሌላው መልሶ ልኮልኝ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ ተመልሼ ያየሁት ይኖር ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አንድም የለም። ማጥፋት ጀመርኩ። ማጥፋትም ይደክማል፤ እያንዳንዱን «እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ይጠይቃል። ምኑን አውቄ ነው እርግጠኛ የምሆነው።

አውራ ጣቴ እየደነዘዘ ሳለ ትዝ ያለኝ የእትዬ ብርሃኔ የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ነው። አንድ ቤተሰብ በዕድሜው አንድ ካሴት ብቻ የሚኖረው ዘመን ነበር፤ ያንን አንዱን ካሴት ከሞት ለማትረፍ ሰው ከደጋ እስከ ቆላ ተሸክሞት ይወርድ ነበር።

ያኔ ከኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ ሥራ ያጣሁበት ወቅት ነው። ጠዋት ሴቻ እወጣና ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ከመሰሎቼ ጋር ተገፋፍቼ አነባለሁ፤ «የሥራ ልምድ» የሚለው ላይ ስደርስ እመለሳለሁ። እናቴ፣ ቤት ቁጭ ብሎ ከመብላት ይሻላል ብላ፣ የአክስቴ ባል ጋሼ መንገሻ ጋ ላከችኝ። ጋሼ መንገሻ ሲቀላ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ከወሎ ወጣት ሆኖ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ የዞኑን ሠርግ ግማሹን የቀረጸው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ካሜራ በተሸከመበት በኩል ዘንበል ያለ፣ ነገር ሲሰለቸው አገጩን የሚያክ ሰው ነበር። ነገር ደግሞ ቶሎ ይሰለቸው ነበር።

እኔ በገባሁበት ሰሞን ካሴት እየሞተ፣ ሲዲ እየነገሠ ነበር። ጋሼ መንገሻ ከሞያሌ በሹፌር ወዳጁ በኩል የዲቪዲ መቅጃ አስመጣ። ሥራዬ በእሱና በካሴት ማጫወቻው በዴኩ አጠገብ መቀመጥ ሆነ። አያያዙ ቀላል ነው፤ ከዴኩ ጀርባ፣ ከመውጫው በኩል፣ ቢጫውን ለሥዕል፣ ነጭና ቀዩን ለድምፅ ታወጪና መቅጃው መግቢያ ላይ ቀለሙን ከቀለሙ ጋር ትሰኪያለሽ። ባዶ ሲዲ ታስገቢያለሽ። ዴኩን ታስነሺያለሽ፣ መቅጃውን ትጫኛለሽ፤ አለቀ። ያላለቀው ጊዜው ነው። ካሴቱ የፈጀውን ያህል ሰዓት መቅዳቱም ይፈጃል፤ ማፋጠን የሚባል ነገር የለም። ተነስቼ እንዳልሄድ ካሴቱ ይጨማደዳል፣ ሥዕሉ ይዘላል፣ መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የማላውቀው ሰው ሙሽራ ሲያለብስ፣ የማላውቀው ሰው ዶሮ ሲበላ፣ የማላውቃቸው ሚዜዎች እስክስታ ሲሞክሩ ቀኔ ያልፋል። የሰው ሠርግ እንዲህ አንገሸገሸኝ። ዛሬም ሠርግ ቤት ስጠራ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ቀምሼ፣ ሹልክ ማለት ነው የምወደው።

በዚያ ላይ ድምፁ። የጋሼ መንገሻ ሠርግ ሁሉ ዘፈን ተጭኖበታል። ያኔ ወጉ ይሄው ነበር፤ የተቀረጸው ድምፅ ጫጫታ ነው፣ የጄነሬተር ጉርምርምታ ነው፣ የሕፃን ለቅሶ ነው ይባልና ከላይ እስከ ታች የሠርግ ዘፈን ይጫንበታል። ዘፈን ያልተጫነበት ካሴት ለባለ ሠርጉ ቢሰጠው «ይሄማ አላለቀም» ብሎ ይመልሰዋል። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይስቃሉ፣ ይመርቃሉ፣ ያለቅሳሉ፤ የሚሰማው ግን ያው ዘፈን ነው። እኔ ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል ከማወቄ የተነሳ ማታ እንጀራ ስቆርስ አፌ ራሱ ያንጎራጉር ነበር።

እትዬ ብርሃኔ የመጣችው መስቀል ሊደርስ ሲል ነው። ዝናቡ ቆላውን ለቆ ደጋው ላይ ብቻ የቀረበት፣ ከሲቀላ ሆነሽ ቀና ስትዪ የጨንቻ ተራራ አናት ጉም ለብሶ የሚታይበት ጊዜ። እኛ ታች በላብ ተጠምቀን እሷ ወፍራም ሹራብ ለብሳ ገባች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፊቷ የከሳ፣ ዓይኗ ትልቅ ሴት ነበረች። አንድ ቅርጫት አፕል መሬት አስቀመጠችና ከሥሩ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ካሴት አወጣች።

«ጋሽ መንገሻ፣ አወቁኝ?» አለች።

አገጩን አከከ። «ሙሽራ ሁሉ አንድ ይመስለኛል» አለ።

«የመምሬ ቤት አጠገብ፣ ጨንቻ። ያን ቀን ጉም ነበር። እርስዎ መነጽርዎን እየጠረጉ ተቸግረው ነበር።»

«እህ! የጉሟ ሙሽራ» አለና ወንበር ሳበላት።

ካሴቱን ከፍቶ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ጥቅሉ ላይ ነጭ ሻጋታ ተዘርግቷል፤ ደጋ ውስጥ ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ነገር ዕጣው ይሄው ነው። ጠርዙም ተጨማድዷል። «ይሄማ አንዴ ይሄድ ይሆናል። ሁለተኛውን አላምነውም» አላት።

«አንዴ ይበቃኛል» አለች። «የአባቴ ድምፅ ግን ይውጣልኝ።»

«ዘፈን ተጭኖበታል እኮ።»

«አውቃለሁ። እሱን አንሱልኝ።»

እኔ ልጅነቴ ይሁን መሰልቸቴ፣ ሳቄ መጣ፤ ዘፈን እንደ አቧራ የሚራገፍ መሰላት ብዬ ነው። እትዬ ብርሃኔ አየችኝና በእርጋታ ማስረዳት ጀመረች። አማርኛዋ የደጋ አማርኛ ነው፤ አንዳንዴ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርገዋለች፤ ነገሩ ግን ጥርት ብሎ ነበር።

አባቷ ባሏን አልወደዱትም ነበር። ባሏ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ አባት ደግሞ የጎረቤታቸውን ልጅ ነበር ያሰቡላት። ብዙ ተጨቃጨቁ። በሠርጉ ቀን ሽማግሌዎች ለምነዋቸው እንኳ ከቤት አልወጡም። ሙሽራው ሊወስዳት፣ ሰው መኪናውን ከቦ ሲዘፍን፣ እሷ ስታለቅስ፣ በመጨረሻ አባቷ በሩን ከፍተው ወጡ። ጠጋ አሉ። በእጃቸው ራሷን ያዙና የሆነ ነገር ተናገሩ። በዘፈኑና በጥሩንባው መሀል አልሰማቻቸውም። መኪናው ተነሳ። ክረምት ሳይወጣ አባትየው ሞቱ።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ፤ ልጅ አልመጣም። እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሰው ምክንያት ይፈልጋል። ጎሜ ይሉታል፤ ወግ ተጥሶ፣ ወይ አባት ተቀይሞ በቤት ላይ የሚመጣ መዘዝ። አማቷ «ያ ሰውዬ ረግሟት ነው የሄደው» ማለት ጀመረች። የገዛ ወንድሞቿም «መረቀኝ ካልሽ ምን ብሎ መረቀሽ?» ይሏታል። ዘንድሮ ለመስቀል ሽማግሌዎች በአባቷ ግቢ ሊቀመጡ ነው፤ ነገሩ እርግማን ከሆነ ባሏ ሌላ እንዲያገባ አማቷ ልትጠይቅ ነው።

«ካሴቱን ስንት ጊዜ አየሁት» አለች። «አፉ ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ቀን የሚመርቅ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን የሚረግም ይመስለኛል። ደከመኝ። ረግሞኝም ከሆነ ልወቅ።»

የመጀመሪያው ካሴት፣ ካሜራው ውስጥ የነበረው የት አለ ብዬ ጋሼ መንገሻን ጠየቅሁት። «በላዩ ሌላ ሠርግ ቀረጽኩበታ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አለ። ከዚያ ረጅም ጊዜ አገጩን ሲያክ ቆየ። በመጨረሻ ተነስቶ ዴኩን ዞር አደረገው። ከጎኑ ትንሽ ማዞሪያ አለች፤ እኔ ከመጣሁበት ጊዜ ጀምሮ በነጭ ፕላስተር ተሸፍና ነው የማውቃት። «ይሄን የነካ እጁን እቆርጣለሁ» ይለኝ ነበር፣ ሥራ በጀመርኩ ቀን። አሁን ራሱ በጥፍሩ ፕላስተሩን መላጥ ጀመረ።

«ዘፈኑን ስጭን የሄደው ካሴቱ ጠርዝ ላይ ነው» አለ፣ ለእሷ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ። «የሠርጉ ድምፅ ከሥዕሉ ጋር ውስጥ ነው የተቀዳው። ዝም ብሎ ተኝቷል ማለት ነው። የቤት ዴክ የሚያነበው ጠርዙን ነው። ይሄኛው ሁለቱንም ያነባል፤ ግን ያኛው ድምፅ ካሴት ሲያረጅ እንደ ንብ ይጮሃል፣ ለዛ ነው የደፈንኩት።»

«ታዲያ አባቴ አለ?» አለች።

«እንጃ፣ ብርሃኔ። ቢኖርም ከንብ ጋር ነው።»

ሊጀምር ሲል መብራት ሄደ። ያን ሰሞን መብራት እንደ ልቡ ነበር። ጋሼ መንገሻ ካሴቱን ፈትቶ በለስላሳ ጨርቅ ሻጋታውን ሲጠርግ እኔና እትዬ ብርሃኔ ምሳ ልንበላ ወጣን። ጠዋት ከጫሞ ሐይቅ የመጣ አሳ የሚጠብሱ ቤት ወሰድኳት። ደጋ ያደገ ሰው አሳ ላይ ፈሪ ነው። ሥጋውን በጣቷ እየፈለፈለች፣ እሾሁን አንድ በአንድ ሳህኑ ዳር ትደረድራለች። ከጎኑ የቀረበው ዳጣ፣ የሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ግን ተስማማት፤ በዳጣው እያጠቀሰች ጨረሰችው።

«ባልሽ ምን ይላል?» አልኳት። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደፍሬ የጠየቅሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«እሱ ምንም አይልም። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደኝ። የሸማውን መወርወሪያ ሲወረውር ውሎ ሲወረውር ያመሻል።»

ከዚያ ወደ ተራራው አየች። «ቢረግመኝም አልቀየመውም» አለች። «ብቻ የማላውቀውን ነገር ተሸክሜ መውጣት ሰለቸኝ።»

መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሮጠን ገባን። ገመዶቹን ሰካሁ፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ። ጋሼ መንገሻ ማዞሪያዋን ይዞ፣ «የቱን ልቅዳልሽ? አንዴ ነው የሚሄደው። ዘፈኑን ወይስ ንቡን?» አላት።

«ዘፈኑን በቃሌ አውቀዋለሁ» አለች።

መቅጃውን ተጫንኩ፣ ዴኩን አስነሳሁ። መጀመሪያ በእውነትም ንብ ነበር፤ እዝዝዝ የሚል። ከዚያ ከንቡ ውስጥ ሰው መናገር ጀመረ። እኔ ያን ሁሉ ወር ሠርግ ሳይ ስውል ሠርግ ሰምቼ አላውቅም ነበር ለካ። አንዲት ሴት «ክዳኑን ክደኚው እንጂ፣ ጢስ ገባበት» ትላለች። አንድ ሽማግሌ ውሻ ያባርራል። ሚዜው ክራባቱን ማሰር አቅቶት ይሳደባል። ሕፃን ይስላል። የጋሼ መንገሻ የወጣትነት ድምፅ ከካሜራው ኋላ፣ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ እባካችሁ ሙሽሪትን አትከልሏት» ይላል፤ እሱ ራሱ ደንግጦ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። እትዬ ብርሃኔ ከሰዎቹ መሀል የሞቱትን በስማቸው እየጠራች ከንፈሯን ትመጥጣለች።

መኪናው ታየ። ዘፈኑ፣ የእውነተኛው ሰው ዘፈን፣ በጋሞኛ ሞቀ። ጥሩንባ ተነፋ። በሩ ተከፈተና ረጅም፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወጡ። እትዬ ብርሃኔ ክንዴን ያዘችኝ። አባትየው ቀረቡ፤ ራሷን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ወደ ታች አዩ። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ፤ ከዚያ በቁጣ፣ ቶሎ ቶሎ ተናገሩ። ንቡ ቢኖርም ይሰማ ነበር። እናቴ የጋሞ ልጅ ናት፤ ቋንቋውን አሳምሬ ባልናገረውም እሰማዋለሁ።

ያሉት ይሄ ነው፦ «ጫማሽ እርጥብ ነው። ይሄን እርጥብ ጫማ ያደረገላት ማነው? ከመኪና ስትወርጂ አውልቂው። እግርሽን ብርድ እንዳይመታሽ።»

በቃ። መኪናው ተነሳ፤ አባትየው ጉሙ ውስጥ ቆመው ቀሩ።

ጋሼ መንገሻ ጋሞኛ ብዙም አያውቅም። «ምን አሉ? መረቁ?» አለኝ።

«ስለ ጫማ ነው» አልኩት።

«ጫማ?»

እትዬ ብርሃኔ ቴሌቪዥኑን እያየች፣ «የአክስቴ ልጅ ጫማ ነበር» አለች። «ተውሼ ነው። አጥበውት፣ በዚያ ጉም የት ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ እግሬ በረዶ ነበር። አንድ ሰው አላየልኝም ብዬ ነበር። ኋላ እኔም ረሳሁት።» ከዚያ አለቀሰች። ስታለቅስ ደግሞ ትስቃለች፤ እየሳቀች «አባቴ» ትላለች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። የራሴ አባት ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

መብራቱ ያኔ ነው እንደገና የሄደው። ድርግም አለ። መቅጃው ሲዲውን ሳይዘጋው ስለጠፋ የተቀዳው ሁሉ ከንቱ ሆነ፤ ሳይዘጋ የጠፋ ሲዲ ባዶ ማለት ነው። ይሄስ ይሁን፤ ወዲያው መብራቱ ድንገት ተመለሰና ዴኩ በራሱ ካሴቱን ለመመለስ መጎተት ጀመረ። ክርርክርር የሚል ድምፅ ሰማን። ጋሼ መንገሻ ተወርውሮ ገመዱን ነቀለ። ክዳኑን ሲከፍት ጥቅሉ ውስጥ ተተብትቧል፤ የተበጠሰውና እንደ ተቆላ ቅጠል የተኮማተረው ልክ አባትየው ከበሩ የወጡበት ቦታ ነበር። የቀረውን እስከ ማታ ድረስ ቆርጦ አያያዘው፤ የቀረው ሠርግ በኋላ ተቀዳ። የአባትየው ግን ሥዕሉም ድምፁም የለም።

ጋሼ መንገሻ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ቀን ደክሞት አይቼው አላውቅም። «ብርሃኔ፣ ምን ልበልሽ» አለ።

እሷ አልጮኸችም፤ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ሰምተሻል» አለችኝ። «እኔ እንዲህ አለ ብዬ ብናገር ማን ያምነኛል? የራሴ ነገር ነው። ጋሽ መንገሻ ቋንቋውን አያውቁም። አንቺ ሰምተሻል፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ነይልኝ።»

ስንት ነገር አሰብኩ። ማን ነኝ እኔ? ሥራ የሌለኝ፣ ያላገባሁ፣ ጋሞኛዬ የተሰባበረ። ደግሞስ ሄጄ ምን እላለሁ? ሰው እርግማን ወይ ምርቃት ሲጠብቅ፣ እርጥብ ጫማ? እንቢ ልላት አፌን ስከፍት «እሺ» አልኩ።

በተባለው ቀን በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣሁ። ያ መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ በእያንዳንዱ ጥምዝ የፊቴን ወንበር ጨምድጄ እይዝ ነበር። ሙዙ ቀረ፣ ሙቀቱ ቀረ፣ የአባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ከታች ታየና ቀረ፤ ከዶርዜ በላይ ጉሙ ውስጥ ገባን። ጨንቻ ስወርድ የእትዬ ብርሃኔ ታናሽ ወንድም ሹራብ ይዞ ጠበቀኝ። እየሄድን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ምንም ይበል ምን፣ መረቃት ብለሽ ገላግይን» አለኝ። «ምን ይጎዳሻል?»

እውነት ለመናገር፣ ምንም አይጎዳኝም ነበር። ግቢው ውስጥ ከቀርከሃው ቤት ፊት ለፊት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘዋል። አማቷ ከሴቶቹ ጋር በአንድ በኩል፣ ባሏ አንገቱን ደፍቶ በሌላ በኩል። እትዬ ብርሃኔ ቆማለች። የእንሰቱ ቅጠል ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሱ ሌላ የሚሰማ የለም። አንደኛው ሽማግሌ ከያዙት ሳር ከፈል አድርገው ሰጡኝ። «ሳር ይዞ የሚዋሽ የለም» አሉ፤ ሊያስፈራሩኝ ሳይሆን ሊያስታውሱኝ። መረቃት የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። የሰማሁትን በአማርኛ ነገርኳቸው።

አማቷ፣ «ይኸው ነው? ጫማ?» አለች። ወንድምየው ፊቱን አዞረ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ሽማግሌው፣ «እንዴት አድርጎ አለው?» አሉኝ። «እሱ እንዳለው በይው።»

«ጋሞኛዬ ጥሩ አይደለም፣ አባባ።»

«በይው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ካሴቱ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ንቡ ሳይቀር። ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፣ እንደሳቸው። ከዚያ በዚያው ቁጣ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ቃል በቃል አልኩት። ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ታላቅ ወንድሟ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ስጨርስ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ፣ «እሱ ነው፤ አባዬ ነው» እያለ ግቢው መሀል ይዞር ጀመር። ታናሽየው ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሳቅ ፈነዱ፤ «እርጥብ ነገር አይወድም ነበር እኮ! በእርጥብ እግሬ ቤቱ ገብቼ ስንቴ ተቆጥቶኛል» አሉ። ለጥቂት ጊዜ ሰውየው ተመልሰው ግቢው ውስጥ የቆሙ ያህል ሁሉም አንድ ላይ ያወራ ነበር።

ሳሩን የሰጡኝ ሽማግሌ እስኪረጋጋ ጠበቁ። ከዚያ ወደ አማቷ ዞረው፣ «ሊረግም የመጣ ሰው እግር አያይም» አሉ። «ይሄ አባት ያየው የልጁን እግር ነው። እኛ ምን እንጨምርበታለን?»

አማቷ፣ «ያን ቀን እኔ ቤት ነበር የገባችው» አለች። «ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ፍራቻ ነው ብዬ ነው። ጫማዋን አላየሁም።» ተነስታ፣ ጎንበስ ብላ የእትዬ ብርሃኔን ጉልበት ልትይዝ ስትል እትዬ ብርሃኔ ቀድማ አቀፈቻት። ባሏ ያን ጊዜ ነው አንገቱን ያነሳው። የእርቁን ሳር እርስ በርስ ተሰጣጡ። ቆጮ በዳጣ ቀረበልኝ፤ ርቦኝ ኖሮ ምንም ሳላስተርፍ በላሁ። ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ያ ሁሉ ጥምዝ ሳይታወቀኝ ተኝቼ ነው ሲቀላ የደረስኩት።

ጋሼ መንገሻ ፕላስተሩን ዳግመኛ አልለጠፈውም። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ሁሉ «ዘፈኑን ነው ወይስ የሰዉን ድምፅ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ሁሉም «ዘፈኑን እንጂ!» ይሉታል። አገጩን አክኮ ዘፈኑን ይቀዳላቸዋል። በኋላ ሲዲም ሞተ፣ ፍላሽ መጣ፣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ እሱም አረፈ። እኔም ሴቻ ቢሮ ሥራ አገኘሁ፤ እነሆ እስከ ዛሬ ወረቀት አመላልሳለሁ።

ልጅ ወለደች ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልወለደችም። የወንድሟን ልጅ አሳድጋ ዳረች፤ ባሏም ሌላ አላገባም፤ ጎሜ የሚል ሰውም ዳግመኛ አልተሰማም። ሰው እንዲህም ይኖራል። ሁሉ ነገር በልጅ ወይ በሠርግ ካላለቀ የማይወድ ሰው ካለ፣ እኔ ምን ላድርገው።

ትናንት ሚኒባሱ ውስጥ የማጠፋውን እያጠፋሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ብርሃኔ ናት፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስቀል ሲቃረብ ትደውልልኛለች፤ ዘንድሮ ድምፅዋ አርጅቷል። የጤና፣ የዝናብ፣ የአፕሉን ነገር ተጠያየቅን። ከዚያ እንደ ወትሮዋ፣ «በይ አንዴ በይልኝ» አለችኝ።

«ሚኒባስ ውስጥ ነኝ እኮ፣ እትዬ ብርሃኔ። ሰው አለ።»

«ሰው ቢኖርስ።»

ደክሞኝ ነበር። ግን እኔ ካላልኩት የሚለው ሌላ ማን አለ? ካሴቱ የለም፣ ሲዲው የለም፣ ጋሼ መንገሻ የለም። ተማሪው ወደ እኔ እያየ፣ ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁና በጋሞኛ፣ በቁጣ፣ ቶሎ ቶሎ አልኩላት፦ ጫማሽ እርጥብ ነው፤ ይሄን እርጥብ ጫማ ያደረገላት ማነው፤ ከመኪና ስትወርጂ አውልቂው፤ እግርሽን ብርድ እንዳይመታሽ። ከስልኩ ማዶ ሳቋ ተሰማኝ። ከፊታችን ወንበር ላይ የነበረች አንዲት የደጋ ሴት ዘወር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የገዛ ጫማዋን በእጇ ዳሰሰች።